ሰውየው አላረፈም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሁድ ስላወጣችሁት የድሮ የአውሮፓ ወፍጮ ቤት ሥዕል ነው የምጽፍላችሁ። ከሥሩ «ገበሬው ከሥራ በኋላ ጋደም ብሎ ሲያርፍ» ብላችኋል። ሰውየው አላረፈም። እዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱን ሥራ የያዘው እሱ ነው።

ልብ ብላችሁ እዩት። የላይኛው ድንጋይ ተገልብጧል። ሰውየው በጎኑ ተጋድሞ ክርኑን ትራስ ላይ አሳርፏል፤ መዶሻ ይዟል። ወፍጮ እየወቀረ ነው።

አባቴ እዚህ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት እየዞረ ድንጋይ በመውቀር ነው ያሳደገን። ሥራው ማታ ነው። ቀን አስፈጪ ስለሚሰለፍ ሞተሩ አይቆምም። ፋኖስ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የድንጋዩ ቦይ ሲያልቅ እህሉ አይቆረጥም፣ ይታሻል። ዱቄቱ ግሎ፣ ቃጠሎ ቃጠሎ እየሸተተ ይወጣል። ያኔ ነው «ድንጋዩ ዶልዱሟል» ተብሎ አባቴ የሚጠራው። ሲወቅር የሚፈናጠረው ብረት እጁ ጀርባ ላይ እየገባ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አብሮት ተቀበረ።

ደግሞ «የእርሳስ ሥዕል» ብላችሁታል። እርሳስ አይደለም፣ ኤቺንግ ነው። ሥነ ጥበብ የተማረችው ልጄ አሠራሩን አሳይታኛለች። የመዳብ ሳህን በሰም ይለበጣል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል። ሳህኑ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለም ይታሽበታል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጫናል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቦዩ ውስጥ የቀረው ቀለም ነው። ብዙ ከታተመበት ሳህኑም እንደ ድንጋዩ ያልቃል። ይህን ስትነግረኝ አባቴ ፊቴ ድቅን አለ። በኤቺንግ ስሙ የገነነው የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንትም የባለወፍጮ ልጅ ነው፤ አባቱ ሌይደን ከተማ ወፍጮ ነበራቸው።

እባካችሁ ጽሑፉን አርሙልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ዛሬም እኛ ከተማ ድንጋይ የሚወቅሩ ሰዎች አሉ፤ የማውቃቸው ሁሉ ግን አርጅተዋል። ፎቶ አንሺ ወይም ሠዓሊ ላኩልን። ያሉበትን እኔ አሳያለሁ። ብቻ ማታ ይምጣ፤ ቀን ሞተሩ አይቆምም።

የድንጋይ ወቃሪው ልጅ፣ ከአዳማ