ለአባባ፦ ካርቡራተሩ ተገኝቷል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ ከሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነልዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ «አልሰማሽም፣ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩልዎት። ፊደሉን ያተለቅሁት የማንንም እርዳታ ሳይጠይቁ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ አለዚያ ደብዳቤውን ከመጨረሻው እንደሚጀምሩት አውቃለሁ። የአሮጌው ቮልስዎ ካርቡራተር ተገኝቷል። ባጃጁ የሰበረው የግራው ስቶፕ መስታወትም ተገኝቷል፤ ከላይ ብርቱካናማ፣ ከታች ቀይ፣ ልክ እንደ ቀኙ። እንግዲህ ቡናዎን ይዘው ተረጋግተው ያንብቡ።

የሄድኩት ካርላይል ወደምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ ነው። ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። እዚያ ሰፊ የባዛር ሜዳ አለ። ሜዳውን በዓመት ደጋግመው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ያደርጉታል። ገበያውን የጀመሩት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1974፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ ኸርሺ በምትባለው የቸኮሌት ፋብሪካ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1955 ጀምሮ የሚካሄደው ነበር። እዚያ ግን የሚከበሩት የጥንቶቹ መኪኖች ነበሩ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተሠሩትን የሚወዱ ሰዎች ስለነበሩ የራሳቸውን ገበያ አቆሙ።

መርካቶ ያለውን የመኪና ዕቃ ሰፈር፣ ሶማሌ ተራን ያስቡ። ግድግዳዎቹን ሁሉ ያፍርሱና ሣር ላይ ይዘርጉት፤ ከዚያ ደላላውን ያስወጡ። ካርላይል ማለት ያ ነው። ሻጩ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ጓዳውን አውጥቶ መሬት ላይ ይደረድራል፦ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ዲናሞ፣ በቆርቆሮ ሙሉ ብሎን፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው ቁልፍ። ማንም እጅዎን ይዞ አይጎትትዎትም፤ «ግባ ወንድሜ» የሚል የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ሻጭ ጋዜጣውን እያነበበ ቀና ብሎም አያይዎትም። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ሰውየው መሸጥ ብቻ ሳይሆን መቀመጥም ነው የመጣው።

ገዢው ደግሞ የሚፈልገውን በካርቶን ላይ ጽፎ በጀርባው አንጠልጥሎ ይዞራል። «የ1957 ሼቭሮሌት የቀኝ በር እጀታ» የሚል ጀርባ ተከትዬ ግማሽ ቀን የሄድኩ ይመስለኛል። አንድ ሽማግሌ ሙሉ የመኪና ኮፈን አናታቸው ላይ አድርገው፣ የመርካቶ ተሸካሚ ፍራሽ እንደሚሸከም፣ በሰው መካከል ቀጥ ብለው ሲያልፉ አየሁ። እርስዎ ቢሆኑ ቆመው ዋጋውን ይጠይቋቸው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት በሚያዝያ ነበር፤ ስሕተቴም እሱ ነው። ያ ገበያ የፎርድና የሼቭሮሌት ነው። ቮልስ ስል አንዱ በጣቱ ወደ ሜዳው ጥግ አመለከተኝ፤ እዚያም ያገኘሁት አንድ መሪና ሁለት ቸርኬ ብቻ ነበር። በባዶ እጄ ተመለስኩ። የውጭ አገር መኪኖች ቀን በግንቦት መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በግንቦቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ደህናው ዕቃ ጠዋት በባትሪ ብርሃን ነው የሚሸጠው፤ ርካሹ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሻጩ ጭኖ መመለስ ሲሰለቸው ነው። እኔ ደህናውን ፈለግሁ።

የስቶፑ መስታወት ነው ያስቸገረኝ። እዚህ አሜሪካ የተሸጡት ቮልሶች የኋላ መብራታቸው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ ፍሬቻውም ቀይ ነው። የእኛው የመጣው በአውሮፓ በኩል ስለሆነ ፍሬቻው ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ገበያው ሙሉ የስቶፕ መስታወት እያለው ለእኔ የሚሆን የለውም። «ቀዩን ውሰጂ፣ ልኩ አንድ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ልኩ አንድ ነው፤ ይገጥማልም። ግን ቀኙ ብርቱካናማ፣ ግራው ቀይ ሆኖ እርስዎ ያንን መኪና ከግቢ ሲያወጡት አልታየኝም። ከጀርመን የሠራዊት ካምፕ ሲመለስ መኪናውን ይዞ የመጣ አንድ አሮጌ ወታደር የተረፉ ዕቃዎቹን በጫማ ሳጥን ይዞ ነበር። ከሳጥኑ ሥር አገኘሁት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭረት አለበት። አስቀድሜ የነገርኩዎት ሲያዩት እንዳይቆጡ ነው።

ካርቡራተሩ ግን ቢያዩኝ ደስ በሚልዎት መንገድ ነው የተገዛው።

የመጀመሪያው ሻጭ የሚያበራ ዕቃ አቀረበልኝ። በአሸዋ ተነፍቶ እንደ ብር ማንኪያ ያንጸባርቃል። በጎኑ ላይ ሶሌክስ፣ 28 ፒአይሲቲ 1 ይላል፤ እርስዎ በወረቀት የጻፉልኝ እሱው ነው። ዘጠና ዶላር አለኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋው ቢራቢሮ የምትዞርበትን ዘንግ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝኩና ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኋት። ቷ፣ ቷ አለች። በጣም ትንሽ ናት፤ ለጆሮ ሳይሆን ለጣት ነው የምትሰማው። ዘንጓ በልታለች። አየር ትስባለች፤ ሚኒሞ አይዝም፣ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ እርስዎ የሰፈሩን መካኒክ ሲሰድቡ ይከርማሉ። አመስግኜ መለስኩለት። ሰውየው ተገርሞ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

አባባ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አስተምረውኝ እንደነበር ግን ራሴም ረስቼው ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ባትሪ ይዤልዎት ስቆም፣ እጄ ደክሞ ብርሃኑ ሲዘነበል ይቆጡኝ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። አንድ ቀን አሮጌውን ካርቡራተር እጄ ላይ አድርገው «ዓይን ይሸነገላል፣ ጣት አይሸነገልም፤ ነቅንቂው» ያሉኝ እዚያ ሜዳ ላይ ድንገት ትዝ አለኝ። እኔ ዛሬ ነርስ ነኝ። የሕመምተኛ ደም ሥር ስፈልግ ዓይኔን አምኜ መርፌ ወግቼ አላውቅም፤ በጣቴ ዳብሼ ነው። ባልደረቦቼ አልገኝ ያላቸውን ሕመምተኛ ወደ እኔ ይልካሉ። ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ሻጭ ዘንድ ያለው ቆሻሻ ነበር፤ ዘይትና አቧራ የለበሰ። ዘንጉ ግን አይንቀሳቀስም። ሞተሩ እስኪሞቅ አየሩን የሚዘጋው ቾክ ባለ 6 ቮልት መሆኑን አረጋገጥኩ። የኋለኞቹ 12 ቮልት ስለሆኑ ያንን ብገዛ ኖሮ በእኛ ባትሪ ቶሎ አይሞቅም፤ ቾኩ እንደተዘጋ ይቆይና ግቢውን በጭስ ይሞላዋል። ሰባ አለ፣ ሃምሳ አልኩ። ዝም ብሎ ሲያስብ፣ ወሬ ለማራዘም ያህል፣ በአገሬ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በቮልስዋገን ነው አልኩት። አላመነኝም። ልጁ በስልኩ ፈለገና መስከረም 2 ቀን 1967 የሆነውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጮክ ብሎ አነበበለት። ሰውየው ጥቂት ራሱን ነቀነቀና በሃምሳ አምስት ሰጠኝ፤ የማኅተም ጎሚኒዎቹንም ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። ለጃንሆይ ነፍስ ይማርልን።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ። አምና ለፋሲካ መጥቼ «አባባ፣ መኪናውን ይሽጡት» ያልኩዎት ቀን ምንም አልመለሱልኝም። ስኒዎን አስቀመጡ፣ ተነሡ፣ ዝናብ ሳይኖር ሸራውን አለበሱት። ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደላላው በር ላይ ቆሞ የሚጠራው ዋጋ ከፍ ሲል፣ የግቢውን በር በፓራፋንጎ የላጡበት ምልክትም ሲታየኝ፣ ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ግን ፍርሃቴን አልነገርኩዎትም፤ የነገርኩዎት ዋጋ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛ አላነሣውም።

ስለ መንዳቱ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ከመሸ በኋላ መሪ አይያዙ። የወንድሜ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ እሱ ይንዳ፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ማርሹን ሲያስጮህ ይቆጡት። እኔን እንደተቆጡኝ ማለት ነው፤ ያተርፍበታል።

ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ የጓደኛዬ እናት በእጃቸው ይዘውልዎት ይመጣሉ። ቤንዚን የሸተተ ዕቃ አውሮፕላን ላይ ስለማይጭኑ ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ በረንዳ ላይ ሳምንት አድርቄ፣ በልጄ አሮጌ ፒጃማ ጠቅልዬዋለሁ። ፒጃማውን አይጣሉት፤ እማዬ ትፈልገዋለች። የስቶፑን መስታወት ሲገጥሙ ቪቴውን ከልክ በላይ አያጥብቁት፤ ፕላስቲኩ አርጅቷል፣ ይሰነጠቃል። ካርቡራተሩንም መካኒኩ ብቻውን እንዳይነካው፤ እርስዎ በጎኑ ይቁሙ።

አንድ ሥራ ልስጥዎት። በጥቅምት ወደ ኸርሺ ልሄድ አስቤአለሁ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እፈልጋለሁ። እዚህ ያሉት በማይል ስለሆኑ እንደ ስቶፑ ያለ ፍለጋ ነው። የትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ ዓመቱን ከነወሩ ማወቅ አለብኝ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ልክ አይመስለኝም። የኋላውን ወንበር አንሥተው መካከለኛው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገው ያንብቡት። ልጁ ፎቶ ያንሣው፤ እርስዎ ግን በእጅዎ በወረቀት ጽፈው ከፎቶው ጋር ይላኩልኝ። 3 እና 8 በዝገት ይመሳሰላሉ፤ በጣትዎ ዳብሰው ይለዩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ