ሄክቶር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ሄክቶር ስለተባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔት የሚያንስ አካል) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ርእሰ ጉዳዩ በአማርኛ ብዙም ስለማይነሳ ደስ ብሎን ነው ያነበብነው። ነገር ግን ጽሑፉ አስትሮይዱን የጁፒተር ጨረቃ አድርጎታል፤ ስፋቱንም 400 ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ደምድሟል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሉሲ የተባለችው መንኮራኩር እንደምትጎበኘው ጽፏል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስሕተት ናቸው። የመካከለኛው ስሕተት ባይባልም ከተነገረው ያልተነገረው ይበልጣል፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

እስካሁን ሄክቶርን ቀርቦ ያየው የለም። ለምድር በሚቀርብበት ጊዜ እንኳ 630 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ርቀት ረጅሙ ጎኑ የሚታየው ቢሾፍቱ ላይ የተቀመጠ የአንድ ብር ሳንቲም ከአዲስ አበባ የሚታየውን ያህል ብቻ ነው። ለአብዛኛው ቴሌስኮፕ አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት። የዚህች ነጥብ ድምቀት ደግሞ ከሁለት ነገሮች ይመጣል፦ ከአካሉ ትልቅነትና ከገጹ ጥቁረት። ትልቅ ጥቁር ድንጋይና ትንሽ ነጣ ያለ ድንጋይ ከሩቅ እኩል ይደምቃሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አጭር ነው። መጀመሪያ «ፍጹም ማግኒቲዩድ» የሚባለውን ቁጥር ይወስዳሉ፤ ይህም አካሉ ከፀሐይም ከምድርም አንድ የፀሐይና የምድር ርቀት ያህል ቢርቅ የሚኖረው ድምቀት ነው። በማግኒቲዩድ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል። ለሄክቶር 7.5 ገደማ ነው። ቁጥሩን ለ5 ያካፍላሉ፤ 1.5 ይሆናል። 10ን በአሉታዊ 1.5 ከፍ አድርገው በ1,329 ሲያባዙት 42 ይመጣል። ቀጥሎ 42ን ገጹ ለሚያንጸባርቀው የብርሃን ድርሻ ካሬ ሥር ያካፍላሉ። ውጤቱ ዲያሜትሩ በኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ሄክቶር እንደ ብዙዎቹ ድንጋያማ አስትሮይዶች 15 በመቶ ብርሃን ያንጸባርቃል ብሎ ቢነሳ 109 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ማለት ነው። 3 በመቶ ብቻ ነው የሚያንጸባርቀው ካለ ደግሞ 243 ኪሎ ሜትር ይሆንለታል፤ ወደ ሐዋሳ ገደማ ደረሰ። ከሰማይ የመጣው ብርሃን በሁለቱም ስሌት ያው ነው። በይዘት ሲሰላ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን 11 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አንድ የተሳሳተ ግምት ይህን ያህል ርቆ ይሄዳል።

ጥቁረቱ በምን ይታወቃል? በሙቀቱ። ጥላሸት የለበሰ የምጣድ ጀርባ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ከነጭ ሳህን ይልቅ እንደሚግል፣ ጥቁር አስትሮይድም የደረሰበትን ብርሃን ውጦ ኢንፍራሬድ በሚባለው የሙቀት ጨረር መልሶ ይለቀዋል። የሚታየውን ብርሃንና የሙቀት ጨረሩን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ትልቅነቱንና ጥቁረቱን መለየት ይችላል። አብዛኛውን ይህን ጨረር የምድር ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው፣ ልኬቱ በዋነኛነት የተገኘው በሕዋ ከነበሩ መሣሪያዎች ነው፦ ከ1983ቱ አይራስ፣ ከጃፓኑ አካሪ፣ ከአሜሪካው ዋይዝ (በዚህ ደብዳቤ «ዓ.ም.» ያላልንባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሦስቱ ውጤት ግን ለሄክቶር አልተስማማም፤ ከ150 ገደማ እስከ 230 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዋናው ጥርጣሬ የሚያርፈው በቅርጹ ላይ ነው። ሄክቶር ክብ አይደለም። ሁለት ድንች ጫፍ ለጫፍ እንደተጣበቁ ያለ ረጅም ነገር ነው፤ ረጅሙ ጎኑ ወደ 400፣ አጭሩ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጎኑ ሲዞር ሰፊ፣ በጫፉ ሲዞር ጠባብ ሆኖ ይታያል። የሙቀቱ ልኬት በአንደኛው፣ የብርሃኑ ልኬት በሌላኛው ጊዜ ከተወሰደ ወይም ስሌቱ ክብ ኳስ ነው ብሎ ከተነሳ ውጤቱ ይዛባል። የእናንተ 400 የረጅሙ ጎን ቁጥር ነው፤ አማካዩ በ2014 በታተመ ጥናት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተገምቷል፤ ያም ቢሆን እስከ 26 ኪሎ ሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ይችላል።

ቅርጹ የታወቀው ከድምቀቱ መዋዠቅ ነው። ሄክቶር በ6 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አንድ ዙር ይሽከረከራል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይደምቃል፣ ሁለት ጊዜ ይደበዝዛል። በጥሩ አቅጣጫ ሲታይ ልዩነቱ ከአንድ ማግኒቲዩድ ያልፋል፤ ማለትም ሲደምቅ ሲደበዝዝ ካለው ከ2.5 ጊዜ በላይ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው አንዱን ድምቀት አይቶ ዙሩ አበቃ በማለት ነው፤ 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ብሎ ይመዘግባል። መፍትሔው ሳያቋርጡ ከ7 ሰዓት በላይ መከታተልና የሁለቱን ድብዛዜዎች ጥልቀት ማወዳደር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይሆኑም። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር በአንድ ሌሊት ይያዛል፤ በበጋ አጭር ሌሊት የሚቸገሩት አውሮፓውያን ይህን ዕድል ዓመቱን ሙሉ አያገኙም። የአስትሮይዱ የመሽከርከሪያ ጫፍ ወደ እኛ በዞረባቸው ዓመታት ግን መዋዠቁ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ያኔ ክብ ነው ብሎ የሚደመድም ይኖራል።

ወደ ቦታው እንለፍ። ሄክቶር ጁፒተርን አይዞርም። ፀሐይን ነው የሚዞረው፤ ጁፒተር በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ ከጁፒተር 60 ዲግሪ ቀድሞ፣ እንደ ጁፒተር በ12 ዓመት ገደማ አንድ ዙር። ፀሐይ፣ ጁፒተርና ሄክቶር ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ትሪያንግል ይሠራሉ። ስለዚህ ከጁፒተር ያለው ርቀት ከፀሐይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ 780 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን ያህል የሚርቅ ነገር ጨረቃ አይባልም። ራሱ ሄክቶር ግን ጨረቃ አለው፤ በ2006 በሃዋይ ከሚገኙት የኬክ ቴሌስኮፖች በአንዱ ታየ፤ ስካማንድሪዮስ ይባላል፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሦስት ቀን ገደማ ሄክቶርን ይዞራል። ከዚህ ዙር የተሰላው የሄክቶር እፍጋት ከውሃ እፍጋት ብዙ አይርቅም። ሙሉ ድንጋይ ቢሆን ከዚያ በእጥፍ በበለጠ ነበር፤ ስለዚህ ውስጡ በረዶ ወይም ባዶ ቦታ ወይም ሁለቱም አለበት።

በዚያ ቦታ ለምን ይጸናል? በ1772 ላግራንዥ በስሌት ያሳየው፣ ነገር ግን ለመቀበል የሚያስቸግር ምክንያት አለው። ከፊት ያለው ሄክቶር ሸርተት ብሎ ወደ ጁፒተር ተጠጋ እንበል። ጁፒተር ከኋላ ሆኖ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ይህ እንደ ፍሬን ነው። ፍሬን የተያዘበት አካል ጉልበት ስለሚያጣ ወደ ፀሐይ ጠጋ ወዳለ ምህዋር ይወርዳል። ለፀሐይ የቀረበ ምህዋር ደግሞ የሚዞረው ፈጥኖ ነው። በመሆኑም ሄክቶር ፍሬን ስለተያዘበት ይፈጥናል፤ ከጁፒተርም ይርቃል። ከ60 ዲግሪ አልፎ ሲርቅ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፀሐይ ራሷ በጁፒተር ስበት ስለምትንቀሳቀስ የድምሩ ውጤት አስትሮይዱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የተገፋው ወደ ውጪ ይወጣል፤ ሰፊ ምህዋር ላይ ያለው ይዘገያል፤ ጁፒተርም እየደረሰበት ይመጣል። አንዱ ምልልስ ወደ 150 ዓመት ይፈጃል። ይህ እንዲጸና ትልቁ አካል ከትንሹ ቢያንስ 25 ጊዜ ያህል መክበድ አለበት፤ ፀሐይ ጁፒተርን 1,047 ጊዜ ስለምትከብደው ችግር የለም። ከአንባቢዎቻችሁ አስትሮይዱ ከጁፒተር ጋር ይጋጭ ይሆን ብሎ የሠጋ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ሊያየው ለሚፈልግ፦ ጁፒተር የሚወጣበትን ሰዓት ይያዝና አራት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጀምር፤ በምህዋሩ የቀደመው በሰማይ ላይ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር 60 ዲግሪ አራት ሰዓት ነው። ይህ ግን ግምት ብቻ ነው፤ ምህዋሩ 18 ዲግሪ ስለሚያዘነብል ከጁፒተር መንገድ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛውን አቅጣጫ ከናሳ ሆራይዘንስ ድረ ገጽ በሄክቶር የአስትሮይድ ቁጥር፣ በ624፣ ማውጣት ይቻላል። ድምቀቱ በጥሩ ጊዜ ወደ 14ኛ ማግኒቲዩድ ነው፤ ዓይን ብቻውን ከሚያያት ደብዛዛ ኮከብ ከ1,500 ጊዜ በላይ የደበዘዘ። በዓይን ለማየት መስተዋቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕና ጨለማ ሰማይ ያስፈልጋል፤ ካሜራ ከተገጠመ 20 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። የ60 ሰከንድ ፎቶዎችን ደራርቦ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መድገምና ሁለቱን ማፈራረቅ ነው። ሄክቶር በሰዓት 20 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ እጅ) ያህል ይንቀሳቀሳል፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉት አስትሮይዶች 35 ገደማ። ፈጥኖ የሄደ ነጥብ ካገኛችሁ ሌላ ነው የያዛችሁት። ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በታች ሳለ የተነሣ ፎቶ ለድምቀት ልኬት አይሆንም። በክረምት ደመናው ስለማያስነሳ የኢትዮጵያ ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

ከሁሉም የሚታመነው ልኬት ግን ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አስትሮይዱ በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ኮከቡ ይጠፋል። ጥላው በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ ኮከቡ ለ15 ሰከንድ የጠፋበት ሰው 255 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ለካ ማለት ነው። በተለያየ ቦታ የቆሙ ሰዎች መስመሮቻቸውን ሲያገጣጥሙ ቅርጹ ይወጣል። መታየት ያለበት ኮከቡ እንጂ አስትሮይዱ ስላልሆነ ኮከቡ ደመቅ ካለ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ሥራው የሚበላሸው በሰዓት ነው፤ የስልክ ሰዓት ግማሽ ሰከንድ ቢዛነፍ መስመሩ ስምንት ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ የጂፒኤስ ሰዓት መታተም አለበት። ፖሊሜሌ የተባለው 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትሮጃን (እንደ ሄክቶር በጁፒተር መንገድ ላይ ፀሐይን የሚዞር አስትሮይድ) አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጨረቃ እንዳለው የታወቀው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከተሰማሩት ቡድኖች ሁለቱ ኮከቡ ከሌሎቹ በተለየ ቦታ ሲጠፋ መዘገቡ።

ወደ መንኮራኩሯ ስንመጣ፣ ሉሲ ሄክቶርን አትጎበኝም፤ መንገዷ በዚያ አያልፍም። የመጀመሪያ ትሮጃኗ ዩሪባቴስ ነው፤ ነሐሴ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ታልፈዋለች። በቀጣዩ ወር ፖሊሜሌ፣ ከዚያ ሉከስና ኦረስ ይከተላሉ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ከጁፒተር ኋላ ባለው ወገን ፓትሮክለስና መኖይቲየስ የተባሉትን ጥንዶች ታያለች። ጽሑፋችሁ ሳያነሳ ያለፈው ነገር ቢኖር ስሟ ነው። ሉሲ የተባለችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተገኘችው በድንቅነሽ ስም ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለፈችበት የመጀመሪያው አስትሮይድ ራሱ ድንቅነሽ ይባላል፤ 800 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከምድር ሲታይ አንድ ነጥብ ነበር፤ መንኮራኩሯ ስትደርስ ጨረቃ ተገኘለት፤ ጨረቃውም ሁለት የተነካኩ ድንጋዮች ሆኖ ተገኘ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በዲኪካ ባገኛት ሕፃን ስም ሰላም ተብሏል። እንዲህ ያለውን ስም በአማርኛ ጋዜጣ ማጣት ቅር ያሰኛል።

ስለ ስም ከተነሳ፣ ትሮጃኖች በትሮይ ጦርነት ጀግኖች ይሰየማሉ፤ ከጁፒተር ፊት ያሉት በግሪኮች፣ ከኋላ ያሉት በትሮይ ሰዎች። የትሮይ ልጅ ሄክቶር ግን በግሪኮች ሰፈር ነው ያለው። በ1907 በሃይደልበርግ ኦገስት ኮፕፍ ሲያገኘው ወገን የመለየቱ ልማድ ገና አልጸናም ነበርና ስሙ እንዲሁ ቀረ። የጀግኖቹ ስም እያለቀ በመምጣቱ ከ2018 ወዲህ ትንንሾቹ ትሮጃኖች በኦሊምፒክ አትሌቶች እንዲሰየሙ ተፈቅዷል። ይህን ደንብ ሰምቶ አበበ ቢቂላን የማያስብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

በማረሚያችሁ ላይ «400 ኪሎ ሜትር» የሚለው «ረጅሙ ጎኑ ወደ 400፣ አማካዩ ወደ 250 ኪሎ ሜትር፣ ገጹ ከሚያገኘው ብርሃን ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ እንደሚያንጸባርቅ ተቆጥሮ የተሰላ» ተብሎ ቢስተካከል፣ «የጁፒተር ጨረቃ» የሚለውም «ከጁፒተር ቀድሞ ፀሐይን የሚዞር» ቢባል እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥነ ፈለክ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ