የውይይትና የአመራር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት ሁሉ የሚታይ ሥራ የሌለው የውይይትና የአመራር ክበብ ሳይሆን አይቀርም። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸው ችግኞች በአጥሩ ዙሪያ ይታያሉ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ድምፅ በየዕረፍቱ ይሰማል፤ የእኛ ክበብ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወንበር በክብ ደርድሮ ይነጋገርና ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ይበተናል። ስለዚህ የተካሄዱትን ስብሰባዎች በተራ ከመዘርዘር ይልቅ፣ ከውይይቶቹ መካከል ፍሬ ያፈሩትንና ያላፈሩትን ለይቶ ማቅረብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የክበቡ ዓላማ ተማሪዎች ዛሬ በክፍል አለቅነትና በተማሪዎች ፓርላማ፣ ነገ ደግሞ በሰፈራቸው ዕድርና ማኅበር ውስጥ ሰውን አወያይቶ ወደ ውሳኔ የማድረስ ችሎታ እንዲያዳብሩ ነው። በመስከረም ከተመዘገቡት መካከል ብዙዎቹ የክርክር ክበብ መስሏቸው የመጡ ነበሩ። «የቡድን ውይይት» የሚለውን ሰምተው 1 ለ 5 የመሰላቸውም አልጠፉም፤ አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበትን ማለቴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች የተመረጡትም በአንደበታቸው ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም የሚያነቡ፣ ማይክሮፎን የማይፈሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ውይይት ሲመሩ ግን የራሳቸውን ሐሳብ አስቀድመው ስለሚያብራሩ፣ ሌላው አባል ከመስማማት በቀር የሚጨምረው ነገር አይተርፈውም ነበር።

ይህ የተለወጠው በታኅሣሥ ወር ስለ ማርፈድ በተደረገው ውይይት ነው። የትምህርት ቤቱ በር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል። አጀንዳውን ያቀረቡት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት የሆኑ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ፍላጎታቸውም ቅጣቱ እንዲጠነክር ነበር። የዕለቱ ሰብሳቢ ከዚያ በፊት ብዙም ድምፅዋ ያልተሰማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቅጣቱ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ብላ እጅ በማስወጣት ፈንታ፣ «መጀመሪያ እያንዳንዳችን ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፋችን ተነሥተን እዚህ እስክንደርስ ምን ስንሠራ እንደነበር እንናገር» አለች። ተራው ሲደርሰው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ከወንድሙ ጋር ከጀልባ ዓሣ ተቀብሎ ፊሌቶ እንደሚያወጣ፣ ገዢ በበዛበት ቀን ቢላውን ጥሎ መሄድ እንደማይችል፣ ልብሱን ቀይሮ ሮጦ ቢመጣም የዓሣው ሽታ ስለማይለቀው ክፍል ከመግባት ውጭ መቆሙን የሚመርጥበት ቀን እንዳለ ተናገረ። ሁለት ተማሪዎች ሳቁ፤ ሰብሳቢዋ ዞር ብላ ስታያቸው አቆሙ።

የበር ጥበቃችን በዚያ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ የጠየቁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲባሉ፣ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው እንጂ ትእዛዙ እኔ ጋ አይደለም፤ ሲሰደብ የሚውለው ግን እኔው ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ከቅጣት ወደ አሠራር ዞረ። የጠዋት ሥራ ያለባቸው ተማሪዎች በክፍል ኃላፊ መምህራቸው እየተመዘገቡ እስከ 2፡20 እንዲገቡ፣ ያለ በቂ ምክንያት በሚያረፍዱት ላይ ግን ነባሩ ደንብ እንዲጸና የሚል ረቂቅ ተጽፎ ለርእሰ መምህሩ ቀረበ፤ ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮም በሙከራ ደረጃ ተፈቀደ። ረቂቁን የጻፈው ቅጣቱ ይጠንክር ብሎ አጀንዳውን ያመጣው ተማሪ መሆኑን እዚህ ላይ መዝግቦ ማለፍ ተገቢ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ነው የጻፈው።

በጥር ወር የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባል የሆኑ አንድ የሲዳማ አባት በእንግድነት ተገኝተው ስለ ሶንጎ አስረድተውናል። በሶንጎ፣ ማለትም ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ሸንጎ፣ ተናጋሪው ቃሉን ከመጀመሩ በፊት «አፊኒ?» ብሎ ሰምታችኋል ወይ ሲል ይጠይቃል፤ ተሰብሳቢውም መስማቱን ይገልጻል። አባታችን አጥብቀው የነገሩን ነገር ይህ የአክብሮት ሰላምታ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ሰምቻለሁ ያለ ሰው በኋላ አልሰማሁም ብሎ ከውሳኔው ሊሸሽ አይችልም፣ ያልሰማም ካለ ነገሩ ሳይነገረው ወደፊት አይኬድም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጫምባላላ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙ በዓለም ተሰማ፤ ጉዱማሌ ሄደን ጭፈራውን የምናይ የሐዋሳ ልጆች ግን፣ ከበዓሉ አስቀድሞ የተጣላ ሁሉ እንዲታረቅ ሽማግሌዎች የሚደክሙትን ድካም ብዙም አናስተውለውም።

ከዚህ ጉብኝት በኋላ አባላቱ አንድ ደንብ አወጡ፤ ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመሰንዘሩ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረው ምን እንዳለ ይደግማል፣ ባለቤቱም «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ መቀጠል አይችልም። ደንቡ ስብሰባውን አንቀርፍፎታል፤ በዚህ ተሰላችተው የቀሩ አባላትም አሉ። በእኔ አስተያየት ግን መጎተቱ የሚያዋጣ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ በክርክር ለመርታት ብቻ የሚናገር ሰው ቁጥሩ እየሳሳ መጥቷል።

ያልተሳካልን የሐይቁ ውይይት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ውኃ ይገባለታል እንጂ ከእሱ ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ውስጡ የገባው ላስቲክና ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ አያገኝም። ይህን ሁሉም አባል ያውቃል፣ ሁሉም ይቆረቆራል፣ ሁሉም «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ሊኖረው ይገባል» ብሎ ተናገረ። የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ሦስት ገጽ ሲሆን በውስጡ የአንድም ሰው ስምና የአንድም ሥራ ቀን አልተገኘበትም። ጸሐፊያችን በሚቀጥለው ሐሙስ ቃለ ጉባኤውን አንብባ ስታበቃ፣ «ታዲያ ማን ነው ኅብረተሰቡ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው እየጠበበ ሄዶ በትምህርት ቤታችን ጀርባ ወደሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ደረሰ፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ የጽዳት ተራ ወጣ። የ9ኛ ክፍሎች ተራቸውን ጠብቀዋል፤ የሌሎቹ አልቀጠለም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከአገራችን ተሞክሮ አንዱን መርጠን ተነጋግረናል፤ ይኸውም የዶክተር ቦጋለች ገብሬ ሥራ ነው። ዶክተር ቦጋለች ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የከምባታ ሴቶችን ድርጅት መሥርተው የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ሲነሡ፣ የአካባቢው ሰው አስቀድሞ የጠየቃቸው ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰውም ገበያ የሚሻገርበትን ድልድይ ነበር። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት የሚቀመጥበት የማኅበረሰብ ውይይት እየተስፋፋ ሄዶ፣ ለብዙ ዘመን በአደባባይ ሊነሣ የማይቻለው ጉዳይ መነጋገሪያ ሆነ። አንድ አባል «ድልድዩ ሰውን ለመግዛት የተሰጠ እጅ መንሻ ነው» ብሎ ተከራከረ። ከ11ኛ ክፍል የመጣች አባል ደግሞ፣ የሰውን ችግር ሳይሰሙ የራስን አጀንዳ ማቅረብ ስብከት እንጂ ውይይት አይባልም ብላ መለሰችለት፤ በደንቡ መሠረትም አስቀድማ የእሱን ሐሳብ እሱ እስኪረካ ድረስ ደግማ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ስምምነት አልተደረሰም፣ እንዲደረስም አልገፋፋሁም። ሁለቱ ተማሪዎች ከስብሰባው በኋላ እየተከራከሩ እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ አብረው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ከዚህ ውጭ በመጻሕፍት ቤት ሰዓትና በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ ላይ አጫጭር ውይይቶች ተካሂደዋል፤ የመጻሕፍት ቤቱ ሰዓት ተስተካክሏል፣ የውኃው ጥያቄ በደብዳቤ ቀርቦ መልስ በመጠበቅ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል አባላት ከሚያዝያ ጀምሮ በብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ምክንያት በመቅረታቸው ሰብሳቢነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ 10ኛና 11ኛ ክፍል ተሸጋግሯል። ቋሚ ክፍል አለመኖሩ እስካሁን ያልተፈታ ችግር ነው።

በ2018 ዓ.ም. የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎችም መሳተፍ እንዲችሉ አንዱ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርበናል። አዲስ አባላት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በክበቡ ጸሐፊ ዘንድ መመዝገብ ይችላሉ፤ የማርፈዱ የሙከራ አሠራር ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው የመጀመሪያው አጀንዳ ስለሚሆን፣ የበር ጥበቃችንና የክፍል ኃላፊ መምህራን እንዲገኙ ከወዲሁ ተጋብዘዋል።