«ምን አገባዎት?» ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም አልጽፍም። ራስዎን ያውቃሉ። ጣና ሐይቅ ዳር ስለተደፋው የግንባታ ፍርስራሽ የጻፍኩትን አቤቱታ የካቲት 18 መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ ቁጥር ወጥቶለታል፣ ማኅተም አርፎበታል። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሦስቴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ሲገኙ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ቦታው የእርስዎ ነው? ምን አገባዎት?»

ያኔ ምላሴ ተያዘ። ተማሪ ቢጠይቀኝ ቶሎ በመለስኩ ነበር። አሁን ልመልስ።

ባሕር ዳር ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። ስለ ረግረግ መሬት በጠመኔ ማስተማር ሰለቸኝና ባለፈው ሰኔ የክበባችንን ልጆች ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ደንገል ልንተክል፤ ያ ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውሃ ዳር ተክል። እኔ ግንዱን ቆርጬ ጭቃው ውስጥ ስሰካ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አፏን ሸፍና ሳቀች። አባቷ ታንኳ ሠሪ ናቸው። «ቲቸር፣ በሥሩ ነው እንጂ!» አለችና እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ገብታ አንድ ጉማጅ ሥር ከነቡቃያው መዛ አወጣች። ሁሉንም እሷ እንዳሳየችን ተከልን። ጥር ላይ ደንገሉ ትከሻችን ደርሶ ነበር።

ደንገል ምን እንደሚሠራ ለእርስዎ ማስተማር ነውር ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ይይዛል። ያ ማዳበሪያ ሐይቁ ከገባ ውሃውን የሚወርረውን አረም፣ እንቦጭን ይቀልባል። እንቦጭ ንቀሉ ብላችሁ በዘመቻ ትጠሩናላችሁ፤ እንቦጩን የሚያስርበው ሲቀበር ግን ዝም ትላላችሁ።

አዎ፣ ሲቀበር። የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲኖትራኮች በሌሊት መጥተው የግንባታ ፍርስራሽ ደፉበት። ጠዋት ስንደርስ የሴራሚክ ስባሪ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የተጣመመ ብረት። በመሃል አንድ የደንገል ራስ ብቅ ብሏል። ያቺው ልጅ ፍርስራሹን በእጇ ማንሳት ጀመረች፤ መስታወት ጣቷን ቆረጣት። በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩላት። የአንዱን መኪና ታርጋ አንድ የሌሊት ዘበኛ መዝግቦ ሰጥቶኛል፤ ከአቤቱታዬ ጋር ተያይዟል። አይተውታል?

«ምን አገባዎት» ላሉኝ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ይመልከቱ። ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የእርስዎ 30 ቀን መጋቢት 18 አለቀ። የእኔ 60 ቀን ገና እየሄደ ነው። ይህን እኔ ለእርስዎ መንገሬ ግን አይገርምም? ጣናን በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰውም አብሮት በሚኖርበት ሥፍራነት፣ ሲመዘግበው ጨፍረን ነበር እኮ።

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤትዎ ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ መጣ። ግንቦት 28 የዓለም አካባቢ ቀን ስለሆነ 50 ተማሪዎች ቲሸርት ለብሰው፣ ባነር ይዘው እንዲሰለፉ። ይቺኛዋ ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰች። ለክበቡ ሳነብላቸው ያቺ ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ሰልፉ በፍርስራሹ በኩል ያልፋል?»

ለሰልፉ ልጆች አልልክም። ፍርስራሹን የሚጭን መኪና ከላኩ ግን፣ በማንኛውም ቀን፣ አካፋ ይዘን እንመጣለን።

የባዮሎጂ መምህሩ
ባሕር ዳር