አውሮፕላን ላይ የተለማመዱት ሙዚቃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የሙዚቃ ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ። መድረክ ላይ ስለተቀዱ አልበሞች ግን ብዙም አትጽፉም፤ ቅር ይለኛል።

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ የቢትልሱ ጆን ሌነን «ላይቭ ፒስ ኢን ቶሮንቶ 1969» ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በካሴት ይዞልኝ መጣ። የእኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ከሰል አጠገብ ሆኜ፣ ቴፑ እስኪግል ሰማሁት።

ኮንሰርቱ የተካሄደው መስከረም 3 ቀን 1962 ዓ.ም. በቶሮንቶ ቫርሲቲ ስታዲየም ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ካከበርን በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። የሮክ ኤንድ ሮል ኮከቦቹ ቸክ ቤሪ፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ጄሪ ሊ ሉዊስና ቦ ዲድሊ በአንድ መድረክ! ጆን ሌነን የመጣው በጥድፊያ ነው። ሚስቱን ዮኮ ኦኖን፣ ጊታሪስቱን ኤሪክ ክላፕተንን፣ ቤዝ ተጫዋቹን ክላውስ ፎርማንንና ከበሮ መቺውን አለን ኋይትን ይዞ ነበር። የተለማመዱት አውሮፕላን ውስጥ ነው። አብረው ተጫውተው እንደማያውቁም መድረክ ላይ ለሕዝቡ በግልጽ ተናገረ። ፍርሃቱ ድምፁ ላይ ይሰማኛል። ልቤን የያዘውም እሱ ነው። የዮኮን ጩኸት ለመልመድ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አልበሙ በሦስት ወሩ ወጣ።

እኔ ጋ የአጎቴ ሠርግ ላይ የተቀዳ የመንዝ አዝማሪ ካሴት አለ። ማሲንቆው፣ እልልታው፣ የብርጭቆው ኳኳታ ሁሉ አለበት። ክሩ ግን እያለቀ ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያሉ ካሴቶች እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደሚገለበጡ አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን