የሒሳብ ክበብ፦ ቀሪው ያነታረከን ዓመት

በ2017 ዓ.ም. ክበባችንን ያሞቀው አንድ ኮድ መጻፍ የሚወድ ልጅ ያመጣው ጥያቄ ነው። "ቲቸር፣ ሞዱሎ ማለት ቀሪ ማለት ነው አይደል?"

አይደለም። ቃሉ ላቲን ነው፤ ሞዱሉስ ትንሽ መለኪያ፣ ሞዱሎ ደግሞ "በዚህ መለኪያ" እንደ ማለት ነው። ወደ ቁጥር ትምህርት ያስገባው ጀርመናዊው ጋውስ ነው፤ በ1801 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ24 ዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ። የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ለ7 እኩል ከተካፈለ፣ ቁጥሮቹ በ7 አቻ ናቸው አለ። ሞዱሉሱ ያ 7 ነው። አካፋዩ እንጂ የተረፈው አይደለም።

ይህን ስናገር ግማሹ ልጅ ሰዓቱን ያይ ነበር። ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ሲነሳ ግን ማን ይነቃነቅ! የአብነት ተማሪ የነበረ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጠመኔውን ተቀበለኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2017፣ 7517። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ተረፈ፤ ዘመነ ማቴዎስ። 7517 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 2 ተረፈ፤ 1 ማክሰኞ ስለሆነ 2 ረቡዕ። መስከረም 1 እውነትም ረቡዕ ነበር። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ተረፈ፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር (የስሌቱ መነሻ ቁጥር) 11። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ገደፈው (30ውን እያወጣ ቀሪውን ያዘ)፤ አበቅቴ (የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንስበት የቀን ክምችት) 1። በ19 አባዝቶ ገደፈው፤ መጥቅዕ (አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቁጥር) 29። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ ተአምር አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸው። ለ19 ሲካፈል ስንት ጊዜ እንደደረሰ ማንም አልጠየቀም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በበኩሏ የሂጅራውን ሠንጠረዥ አመጣች። ዓመቱ ለ30 ይካፈልና በቀሪው 355 ቀን ያላቸው 11 ዓመታት ይለያሉ። "ወሩ የሚገባው ግን ጨረቃ ስትታይ ነው" ብላ አስታወሰችን። ልክ ናት።

ትልቁ ንትርክ የባቲ ገበያ ነው። ገበያው ሰኞ ነው። ሰኞን 0 ካልን የዋዜማው ቀን ስንት ነው? ኮዱ ልጅ ከ0 ላይ 1 ቀንሶ ለ7 ሲያካፍል የሚተርፈውን በፓይተን የኮድ ቋንቋ 6 አገኘ፤ ጓደኛው ሲ በሚባለው ቋንቋ ‑1። ተኮራረፉ። እኔ ለጋውስ አደላሁ፤ በ6 እና በ‑1 መካከል ያለው ልዩነት 7 ነው፣ ስለዚህ በ7 አቻ ናቸው፣ ሁለቱም እሑድ ናቸው። "አብሽር፣ ሁለታችንም ልክ ነን" አለ አንደኛው። ሌላው ግን አልተዋጠለትም፤ ለ2018 ስለ ኔጌቲቭ ቁጥሮች አቀርባለሁ ብሎ ተመዝግቦ ነበር።