የምስጋና መልእክት፦ «ስንት ሰዓት ሆነው?» ብለው ለጠየቁኝ ሲስተርና ለሌሎች ባለውለታዎቼ

አስጀምሮ ላስፈጸመኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ባለፈው ሐምሌ ወር በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ተቀብያለሁ። በምረቃው ሰሞን ወዳጅ ዘመድ በስልክም በአካልም «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲለኝ ከርሟል፤ ለዚያ ሁሉ መልካም ምኞት እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ምስጋና ሳልናገረው ቀርቶ ነበር፤ እርሱን ለመናገር ከምረቃው ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ የደረሰብኝን ማንሣት ግድ ይለኛል፣ ያንን ደግሞ ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ዘመዶቼም ስለሰሙ፣ ባለውለታዎቼም ስማቸው ሳይጠራ ነገሩ እንዲነገር ስለፈቀዱልኝ፣ በጽሑፍ ላደርሰው ወደድሁ።

የተግባር ትምህርቴን የተከታተልኩት አዲስ አበባ ከሚገኙት ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች በአንዱ ነው። ከደብረ ሲና ለመጣች ልጅ የዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ብቻውን አንድ ከተማ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሪፈር ወረቀት ይዞ የመጣ ሕመምተኛ ተራውን ይጠብቃል፣ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ ነጭ ጋውን የለበሰውንም ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራል። መጀመሪያ አካባቢ «ዶክተር አይደለሁም፣ የነርስ ተማሪ ነኝ» እያልኩ ለማስረዳት እደክም ነበር፤ በኋላ ግን ሰውዬው የሚፈልገው የእናቱ ግሉኮስ ማለቁን መጥቶ የሚያይለት ሰው እንጂ የእኔን ማዕረግ አለመሆኑ ሲገባኝ ተውኩት።

የውስጥ ደዌ ክፍሉን በሌሊት ተረኝነት ይመሩ የነበሩት ሲስተር ከሃያ ዓመት በላይ በሙያው ያገለገሉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ቁጣቸው ደግሞ ከንግግራቸው ያጠረ ሴት ናቸው። አንድ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ሲባል በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር እንደሚደርስ፣ አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሆንበት መስመር ደግሞ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል እንደሚመጣ ከመጽሐፍ አጥንቼ ነበር። መብራት በጠፋበት ሌሊት የስልክ ባትሪ ወደ መስመሩ አስጠግቶ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፍሽ ሳይሉ ጠብታ መቁጠርን ግን የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። «ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት ባባዛውስ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በቀረው ግማሽ ደቂቃ ምን ልትሠሪበት ነው?» አሉኝ።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለዓርብ አጥቢያ ነው። በዚያ ሌሊት ለሠላሳ አራት ሕመምተኞች ሲስተርና አንድ ሌላ ነርስ፣ እንዲሁም እኛ ሁለት ተማሪዎች ነበርን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ራሱን ከሳተ ታካሚ ለላቦራቶሪ ደም ወሰድኩ። በትሮሊው ላይ የነበረው ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ሦስት አራተኛው ላይ የተሠመረውን መሥመር አልፎ እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር መርፌውን የምጥልበት አጣሁ። ያገለገለ መርፌ ተመልሶ እንደማይከደን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስማር ብኖርም፣ በድካምና በጥድፊያ ክዳኑን በግራ እጄ ይዤ ልከድነው ስል ጫፉ ጓንቱን በስቶ ሌባ ጣቴ ላይ ገባ። ጓንቱን ሳወልቅ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ደም ብቅ አለች። ሳጥኑ ቢሞላም ጥፋቱ የእኔ እንደነበር አልክድም።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ሐሳቤ መደበቅ ነበር። በትምህርቱ ያለፈ ሰው ይህን አይፈርድብኝም፤ ተማሪ ተወጋሁ ብሎ ሲናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ክደኚ አለሽ?» ነው፣ ቀጥሎ ወሬው ከራሱ ቀድሞ ዶርም ይገባል፣ ከዚያም ሰው የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ጣቴን በጥጥ ጠቅልዬ ቆሜ ሳለሁ ሲስተር ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ወደ እኔ መጡ። ዝም ብዬ አሳየኋቸው።

«ስንት ሰዓት ሆነው?» አሉኝ።

«አሁን ነው» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ፤ ከኪሳቸው ፕላስተር አውጥተው ቁራሽ ቀደዱና «9፡10» ብለው ጽፈው በጋውናቸው ደረት ላይ ለጠፉት። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ሲያፈሱልኝ በሳሙና ታጠብኩ፤ ጣቴን ልጨምቀው ስል ደግሞ መጭመቅ እንደማይጠቅም ነግረው እጄን ያዙኝ። «ምን ሆነሽ ነው የከደንሽው?» ቢሉኝ ኖሮ አልቅሼ መልስ ስሰጥ፣ ራሴንም ስከላከል ሊነጋ ይችል ነበር። እርሳቸው የጠየቁት ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ የሚወሰደው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በዚያ ውስጥም ቢሆን በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ክፍሉን ለባልደረባቸው አደራ ሰጥተው እጄን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ወረዱ፤ የመጀመሪያዋን ፍሬ ስውጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አልሞላም ነበር። ስለ መርፌው የተቆጡኝ በነጋታው ነው፣ ያውም አንጀታቸው እስኪርስ።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር ነበር። አደጋው የሚመዘገብበት ቅጽ «የሠራተኛው ስም» ስለሚል፣ ተረኛው ሰው «ይኼ ለተማሪ አይሆንም፣ ኮሌጅሽ ይጠየቅ» አለኝ። ሲስተር ቅጹን ተቀበሉት፣ «የሠራተኛው» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ሰረዙት፣ ከበላዩ «የተማሪዋ» ብለው ጻፉበት፣ ፈረሙበትና መልሰው ሰጡት። ሰውዬው ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ፊታቸውን አየና ዘጋው። በዚያ ስርዝ ምክንያት ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሁሉ በየመስኮቱ «አንቺ ማን ነሽ?» የሚለኝ አልነበረም።

ታካሚው ራሱን እንደሳተ ስለነበር፣ ስለ እርሱ የሚፈቅድ ቤተ ዘመድም ስላልተገኘ፣ ደሙ ለኤች አይ ቪ ሳይመረመር በሁለተኛው ቀን ዐረፈ፤ እኔም መድኃኒቱን 28 ቀን ሙሉ እንድወስድ ተወሰነ። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አይገባኝም። ነፍሱን ይማር።

መድኃኒቱን በምከታተልበት ክሊኒክ የተቀበለኝ፣ ወንድሜ የምለው ነርስ፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማይበልጥ ልጅ፣ የማልረሳውን ነገር ነግሮኛል። መርፌው ቫይረሱ ካለበት ሰው የመጣ ቢሆን እንኳ፣ እንዲህ ከተወጉና መድኃኒት ካልወሰዱ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ያህል መሆናቸውን አስረዳኝ። ቁጥሩ እንዳልገባኝ ሲያይ፣ «ሺህ ብር ዘርዝረሽ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት ብር ቢጎድልሽ ታስተውያለሽ?» አለኝ። «የተማሪ ነገር ሆኖ አስተውላለሁ» ስለው ሁለታችንም ሳቅን፤ ከተወጋሁ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ልመረመር ቀጠሮ ይዞልኝ፣ በየቀጠሮው ዋዜማ እየደወለ አስታውሶኛል። ስልኩን አንድ ጊዜ እንኳ አላስቀረም።

አንድ መምህራችንንም ይቅርታ ጭምር እጠይቃለሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ሦስቱን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልጨረሰ ተማሪ ዋርድ አይገባም ብለው ካርዳችንን በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ስለሚሰጥ ቀጠሮው የተዛባበት ሰው ልምምዱ ይጓተትበት ነበርና ያላማናቸው አልነበረም፤ እኔም ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበርኩ። ያልተከተበን ሰው በመርፌ ንክኪ ለመያዝ ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ እጅግ የበረታ ነው። በዚያ ሌሊት ካርዴ ሲታይ ሦስቱም ተሞልተው ስለተገኙ ከሚያስጨንቁኝ ነገሮች አንዱ በዚያው ተዘጋ።

የዶርም እኅቶቼ ሦስት ናችሁ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ የተሰናዱበት ነበር፤ ለብዙ ሰው ቀላል ነው ቢባልም እኔን በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አስያዘኝ፣ እንቅልፍም ነሣኝ። ሁልጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ውኃውን ቀድታችሁ፣ አንዳንዴም አጥሚት አፍልታችሁ ጠብቃችሁኛል። አንዷ ከሎከሩ በር ጀርባ 28 ሣጥን በእርሳስ ሠርታ፣ እንግዳ ቢያየው እንዳይጠይቅ ከላዩ «የፋርማኮሎጂ ጥናት ፕሮግራም» ብላ ጻፈችበት። ኅዳር 19 የመጨረሻዋን ሣጥን ስንሞላ ሌላዋ፣ «ይኼን ያህል አጥንተሽ ብትወድቂ ጉድ ነው» አለች። ምስጢሬ በስድስት ወር ውስጥ ከዚያች ክፍል ደጃፍ አልወጣም።

በዋርዱ ጽዳት የሚሠሩት እትዬ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። በየእሑዱ በሃይላንድ ጠበል ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፤ ሲሰጡኝም «መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ነው ታዲያ» ማለታቸውን አንድም ቀን አልዘነጉም። አንድ ማለዳ መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው የእርሳቸውን ታሪክ አጫወቱኝ። ከተራ ቆሻሻ ጋር በተጣለ መርፌ ሁለት ጊዜ ተወግተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በበረኪና ታጥበው ሥራቸውን ቀጥለዋል። «ለማን ልናገር? እኔ በኤጀንሲ ነኝ» አሉኝ። እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚጽፍ፣ ቅጽ የሚሰርዝ ሰው አጠገቤ ነበረ፤ እርሳቸው ጋ ግን «ስንት ሰዓት ሆነው?» ያለ አልነበረም። ይህን ለሲስተር ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በዚያው ሳምንት እትዬን ራሳቸው ወስደው አስመረመሯቸው፣ ክትባቱንም አስጀመሯቸው፤ ሦስተኛውን ግንቦት ላይ ወስደዋል። እትዬ፣ እርስዎን የማመሰግንበት ቃል የለኝም፤ መርፌ የያዘ ቆሻሻ ለእርስዎ ትቼ እንደማልሄድ ግን ቃሌ ነው።

ወላጆቼን ያልነገርኳቸው ሳላምናቸው ቀርቼ አይደለም። እናቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከደብረ ሲና በሚመጣ ሚኒባስ ቆሎ እየላከች፣ በስልክ «ደህና ነሽ ወይ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» ማለት ከመድኃኒቱ ይመር ነበር። ለፋሲካ ቤት ስገባ የሦስተኛው ወር ምርመራ ከቫይረሱ ነጻ ነሽ ብሎ አልፎ ነበር፤ ይሁንና ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋው ጣቴን ጫር ቢያደርገው፣ ታናሽ እኅቴ ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ ጮኬባት ቢላዋውን ነጥቄ በረኪና ውስጥ ነከርኩት። አደጋው እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ እጄ ግን ከመጽሐፉ ጋር አልተስማማም። እናቴ ከጉልቻው ላይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሚያዝያ 22 የመጨረሻው ውጤት ነጻ ነሽ ብሎ ሲወጣ ከሆስፒታሉ ግቢ ሳልወጣ ለአባቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አባቴ ዶክተር እንድሆንላቸው ነበር ምኞታቸው፤ ነጥቤ አልደርስ ብሎ ነርሲንግ ስገባ ለጎረቤት «ሕክምና ነው የምትማረው» ይሉ ነበር፣ ይህም ውሸት አይደለም እያልኩ አልፈው ነበር። በስልኩ ብዙ አልተናገሩም። በምረቃዬ ዕለት ግን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያቺ ሴት የታለች?» ብለው ነው።

ሲስተርን አገናኘኋቸው። ሲስተር የአባቴን የቆየ ቅሬታ ከእኔ ሰምተው ነበርና፣ «ነርስነት እኮ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር የተማሩት ሙያ ነው፤ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ እንደማንኛውም ተማሪ ሠርተዋል» አሏቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ «እሳቸውንም መርፌ ወግቷቸው ነበር?» አሉ። ሲስተር፣ የሚመልሱት አጥተው የማያውቁት ሴት፣ በዚያ ቀን የሚመልሱት አጡ። አባቴ የግራ እጄን አንሥተው ሌባ ጣቴን አገላብጠው አዩት፤ ምልክት እንኳ የለውም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሲስተር እጅ ነሡ።

ሲስተር፣ ያችን «9፡10» የተጻፈባትን ፕላስተር ከጋውንዎ ላይ በዚያው ሌሊት ለምኜ ወስጃለሁ፤ የሥራ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተለጥፋለች። ለእርስዎም፣ ለወንድሜ ነርስ፣ ለመምህራችን፣ ለእኅቶቼና ለእትዬም ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የ2017 ዓ.ም. የነርሲንግ ምሩቅ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.